የቀዛፊውን ሚስት የመለስኳት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ባለቤቴ ይህን ደብተር ሰጥታኝ «ቀኑን ሙሉ እኔን ከምትነዘንዘኝ ለእሱ ንገረው» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስትሰማኝ የኖረች ሴት ቢሰለቻት አይፈረድባትም። የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እዚህ ብርሃን አለ። ስቱዲዮ ውስጥ የሰቀሉት አዲሱ አምፖል ራሱን እንኳ አያበራም።

ሥራዬ ማንበብ ነው። ማየት ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ አነባለሁ፣ የድምፅ ቀራጯ ትቀርጸኛለች፣ አድማጮች ቅጂውን ወስደው ቤታቸው ይሰማሉ። እዚህ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ላይ ዜና አነብ ነበር፤ ዜና ግን በማግስቱ የሚያስታውሰው የለም።

በዚህ ወቅት ሦስት መጻሕፍት ደርሰውኛል። አንደኛው የጀልባ ቀዛፊው አሮጌ ልብ ወለድ ነው። ቀዛፊው አንድ ማለዳ የገዛ ሚስቱን በራሱ ጀልባ ወንዙን ያሻግራታል፤ ሄዳ አትመለስም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያሻግር ይኖራል፤ ከተሳፋሪው አንዱን እንኳ «አይተሃታል?» ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛው ይህንኑ ታሪክ አንዲት ወጣት ደራሲ በሚስቲቱ አፍ እንደገና የጻፈችው ነው። በእሷ መጽሐፍ ሴትዮዋ በመጨረሻ ከማዶ ሆና ትጣራለች፤ ቀዛፊው ሄዶ ያመጣታል። ሦስተኛው አንድ መሐንዲስ ስለ ድልድዮችና ስለሚፈርሱበት ምክንያት የጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ነው። አድማጮች አሮጌውንና አዲሱን ታሪክ ጎን ለጎን መስማት ስለፈለጉ፣ ጠዋት አንዱን ከሰዓት ሌላውን እያፈራረቅኩ አነባለሁ።

በአዲሱ ነው የጀመርኩት። ፊደሉ ትልልቅ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ጊዜ የለኝም። ድልድዩ አላራምድ አለኝ። ቀራጯ ሦስት ጊዜ አቆመችኝ። «ጋሼ፣ ቅድም ሠላሳ ስምንት ሜትር ብለው ነበር፤ አሁን ሰማንያ ሦስት አሉ። የትኛውን ልያዝ?» ጥፋቱ የአታሚው ነው። የዛሬ አታሚዎች ሦስትና ስምንትን ለይቶ ማተም ትተዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

የስቱዲዮው በር መቃን ጠሟል። ግድግዳው እየሰመጠ ሳይሆን አይቀርም። ለአስተዳደር ሁለት ሳምንት ስጮህ ከርሜ ዛሬ አናጢው መጣ። ውሃ ልኩን መቃኑ ላይ አስደግፎ አየና «ጋሼ፣ ቀጥ ያለ ነው» አለኝ።

«ጠማማ ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አልኩት።

መጀመሪያ ቀራጯን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «እንግዲያው ውሃ ልኬ ነዋ የጠመመው» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ሲወጣ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለቀራጯ የሆነ ነገር አላት። የሥራ ሰው እንዲህ ሐሜተኛ ሲሆን አይደላኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

የባለቤቴ ጉልበት ብሶባታል። ድሮ ሃያ እርምጃ ቀድማኝ የምትሄድ ሴት፣ ዛሬ መንገድ ስንሻገር ክንዴን ይዛ አልለቅ አለች። ደረጃ ላይማ ጭራሽ ሙጭጭ ነው። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት «ያንተ ክንድ ይበቃኛል» ትላለች። ላያት ሰው እሷ የያዘችኝ ትመስላለች እንጂ የምመራትስ እኔ ነኝ።

ደግሞ የሌለባትን አመል አምጥታለች። ነጫጮቹን ስኒዎች ለጎረቤት ሰጥታ በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የሚያፈጡ ጥቋቁር ገዛች። የደረጃውን ጠርዝ በሙሉ ቢጫ ቀለም ቀባችው። «ለእንግዳ ነው» አለችኝ። የምን እንግዳ? ሴት ልጃችን እንኳ ከመጣች ዓመት አለፋት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዘዴ አግኝቻለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ እመጣና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ የቀኑን ገጾች አጠናለሁ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቼ መጽሐፉን ፊቴ ዘርግቼ እለዋለሁ። አጉሊ መነጽሩን ካልሲ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ባለቤቴ ካየችው ጥያቄ ታበዛለች። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ተዋናይም ቃሉን አጥንቶ ነው መድረክ የሚወጣው።

ልብ ወለድ ለዚህ ይመቻል። ሰውየው አንዴ ከገባህ ቀጥሎ የሚናገረው በራሱ ጊዜ ይመጣል። አሮጌውንማ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ካነበብኩት ጀምሮ ግማሹ እንደ ስሜ በአፌ ነው። መሐንዲሱ ግን ምሕረት አያውቅም፤ የእሱን ቁጥር በግምት ማለፍ አይቻልም። ድልድይ የሚፈርሰው በወደቀበት ቀን አይደለም ይላል። ከዓመታት በፊት አንድ ብሎን ይላላል፤ ተቆጣጣሪው ያየዋል፤ «ለጊዜው ይሠራል» ብሎ ይፈርምና ይሄዳል። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አጠናሁት። አጻጻፉ ጥሩ ስለሆነ ነው።

ሰው ሁሉንም ዓይነት ማንበብ አለበት እያልኩ ነው የኖርኩት። አሮጌውን ብቻ የሚያነብ አዲሱን ይንቃል፣ አዲሱን ብቻ የሚያነብ በአሮጌው ያዛጋል፣ መሐንዲሱ ደግሞ ሁለቱንም ወሬ ነው የሚላቸው። ሦስቱን በአንድ ቀን ሳነብ ግን እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። ቀዛፊውን ድልድይ ቢሠራለት ምን ይውጠው ነበር ብዬ አስቤ ለብቻዬ ሳቅኩ። ይህን ለባለቤቴ ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመድኃኒት ወረቀት ሌላ ስታነብ አይቻት አላውቅም። ድሮ በሰው ፊት በዚህ እቀልድባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ ወይም የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

አዲሱን መጽሐፍ ጨረስኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳልደነቃቀፍ ተወጣሁት። ሚስቲቱ ከማዶ ስትጣራ ቀራጯ በመስታወቱ ወዲያ አፏን በእጇ ያዘች። የያዘች መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዳኛው የአዲሱን መጽሐፍ ቅጂ ሊወስዱ መጡ። ዳኛው ዳኛ አይደሉም፤ የታሪክ መምህር ነበሩ። በአርባ ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፋ። ማንኛውም ቅጂ ለአድማጭ ከመላኩ በፊት እሳቸው ሰምተው «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» ስለሚሉ ነው ስሙን ያወጣንላቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን የሃያ ዓመት ነው።

«አሮጌው መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

«በዚህ ወር።»

«እሱን ቸኩዬበታለሁ። ላንተም ለእኔም የሚሆን መጽሐፍ ነው።» ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ መነጽር ላስቀይር ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጎበዝ ይመስላል፤ ብዙ አወራ። መነጽር አላዘዘልኝም። አንድ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ አላነበብኩትም።

በእግሬ ተመለስኩ። ቀኑ ደስ ይል ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የአሮጌው ልብ ወለድ የመጨረሻ ምዕራፍ። ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበርና ማጥናት አልቻልኩም። ስቱዲዮ ገብቼ ገጹን ሳየው ፊደሎቹ መሃላቸው ተበልቶ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል። አምፖሉ ነው። ምን ቸገረኝ፣ ይህን ምዕራፍ ሳላየው አውቀዋለሁ አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

እንዲህ አንብቤ አላውቅም። አሥራ አንዱን ገጽ አንድ ጊዜ ሳልሰናከል ወረድኩት። ስጨርስ ቀራጯ «ጋሼ፣ ይህንን አልነካካውም፤ እንዳለ ይቀመጥ» አለችኝ። እሷ የምትሰማው ድምፅ ጠርቶ መውጣቱን እንጂ መጽሐፉን ይዛ አትከተልም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ገና ምን አርጅቼ!

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ሻይ ስቀዳ ከስኒው ውጪ ጠረጴዛው ላይ ለቀቅኩት። ባለቤቴ ጠረገችው፤ ምንም አላለችም። ድሮ ቢሆን ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠው ነበር። ጩኸቷ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ዳኛው በምሳ ሰዓት ግቢው ድረስ መጡ። አግዳሚውን በበትራቸው ነካ ነካ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ፍርዳቸውን የሚሰጡት ሁልጊዜ ቀራጯ ባለችበት ነው። ዛሬ ግን «አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ሻይሽን ጠጪ» ብለው አስቀሯት።

«ሴትዮዋ ተመለሰች» አሉኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የቀዛፊው ሚስት። ከማዶ ሆና ጠራችው አልክ። ሄዶ አመጣት አልክ።»

«እሱማ አዲሱ መጽሐፍ ላይ ነው።»

«እኔ የሰማሁት አሮጌውን ነው።»

ምዕራፉን በልቤ ከመጀመሪያው አነሳሁት። ጀልባውን ያስራል፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ይመሻል። እስከዚያ ልክ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሚመጣልኝ ግን የእሷ ድምፅ ነው፤ ከማዶ ትጣራለች። ጥቅምትን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ያጠናሁት የወጣቷ ደራሲ መጽሐፍ በአሮጌው ላይ ተጋብቶብኛል። የቀዛፊውን ሚስት የመለስኳት እኔ ነኝ።

«ወዲያው ለምን አልነገሩኝም? ቅጂው ከደረስዎት እኮ ሳምንት ሆኗል» አልኩ። ለነገሩ ቁጣዬ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

«ዓይኔ ሳይጠፋ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ግን ያንተን ድምፅ አሥራ አንድ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። እሱ ከሚሳሳት እኔ ብረሳው ይቀላል ብዬ አሰብኩ። ሚስቴ የሄደችው ዓይኔ በጠፋ በዓመቱ ነው፤ ይህን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር።

«ሁለት ዓመት በሬን ሳልቆልፍ ነበር የምተኛው። አንድ ጓደኛዬ ያንን መጽሐፍ እንደገና አነበበልኝ። አትመለስም ብሎ ቁርጡን የነገረኝ እሱ መጽሐፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መቆለፍ ጀመርኩ። ያንተን ቅጂ የሰማሁ ዕለት ግን ሳልቆልፍ አደርኩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ። ጠዋት በራሴ ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ማየት ያቃተህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማን? እኔ? አምፖሉ እኮ...»

«አንተ ሰው፣ ገጽ ስትገልጥ ትንሽ ትንፋሽ ትወስዳለህ። ልጅቷ የወረቀቱን ድምፅ ብትቆርጠውም ያቺ ትንፋሽ ትቀራለች። እኔ ገጽ የምቆጥረው በእሷ ነው። በዚያ ምዕራፍ አንድም ገጽ አልገለጥክም።»

ተነሥተው በትራቸውን ዘረጉ። «ለማንም አልተናገርኩም። ቅጂው ታኅሣሥ አምስት ይላካል። እስከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይነበብ። ማን እንደሚያነበው አንተ ወስን።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ተናድጃለሁ። በዳኛው፣ በአምፖሉ፣ በሁሉም።

በኋላ። የሐኪሙን ወረቀት በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የዓይኔ መሃሉ ነው የሚሄደው፣ ዳር ዳሩ ይቀራል፤ የሄደው አይመለስም። ሐኪሙ ያን ዕለት በአፉም ነግሮኝ ነበር፤ በደንብ ሰምቼዋለሁ። መቃኑም ቀጥ ያለ ነው። አናጢውን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

የምዋሸው ለራሴ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት በሩን ከፍቶ አደረ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ለባለቤቴ ነገርኳት። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ «ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«መርፌና ክር ሰጥቼህ ክተትልኝ አልኩህ። ሥራ አለብኝ ብለህ ወጣህ። ሁልጊዜ እየተኩራራህ የምትከትልኝ አንተ ነበርክ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ ደህና ነው።»

ቢጫው ደረጃ፣ ጥቋቁሮቹ ስኒዎች፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣብኝ። አፈርኩ፤ ከዚያም ሆድ ባሰኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። አምስት ወር ሙሉ። እኔ ደግሞ እመራት ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ሌላኛው አንባቢያችን ምዕራፉን ሊያነብልኝ ይችላል። ፈጣን ነው፤ ሰው ሲሞትም ሲዳርም በአንድ ድምፅ ያነባል። የሌላ ሰው ድምፅ ገብቶበት መጽሐፉ በእኔ ካልተዘጋ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ባለቤቴ «እኔ በጆሮህ ባነብልህና አንተ ብትለውስ?» አለችኝ። ሳቅኩባት። ወዲያው ሳቄ ለራሴም አስጠላኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

አደረግነው። ለቀራጯ ጠዋት ሁሉንም ነገርኳት። ቀድማ እንደጠረጠረች ከፊቷ ባላየውም ከዝምታዋ ገባኝ። ባለቤቴን ከጎኗ አስቀምጣ ማይክሮፎን ሰጠቻት። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እሷ አንድ አረፍተ ነገር ታነባለች፣ እኔ እከተላለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰዓት ፈጀ። ትደነቃቀፋለች፣ ያለቦታው ትቆማለች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳታቆም ትነዳዋለች። «ነጠላ ሰረዝ አለ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አይቼዋለሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው» አለችኝ። ቀራጯ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ሰከነች። ልብስ ስትሰፋ እንደምታደርገው አንዱን ጨርሳ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው፤ ምንም አታሳምርም። አሥራ አንድ ዓመት ሳሳምር ኖሬ፣ ለካ ቀዛፊው እንዲህ ሲነበብ ይበልጥ ያሳዝናል። ጀልባውን አሰረ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ መሸ። እዚህ ላይ ስንደርስ የሴትዮዋ ድምፅ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጥኩትና ባለቤቴን ጠበቅኩ። ጆሮዬ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ቀጥዪ» አልኳት።

«ሦስት መስመር ብቻ ነው የቀረው። አትመጣም እንዴ?»

«አትመጣም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋት?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋት።»

ይህ መጽሐፍ ከተጋባን ጀምሮ አልጋችን አጠገብ ነው ያለው። አቧራውን ስትጠርግ ኖራለች። መጨረሻውን አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም፤ አይገባትም ብዬ ነበር። አሁን በጆሮዬ ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ አንብባ ጨረሰችው። ቀዛፊው አንድ መንገደኛ ዳር ቆሞ ያያል፤ ይነሣል፤ ጀልባውን ይፈታል። እኔም እንደዚያው አልኩት።

ከሰዓት ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ዓይኔን ነገርኩት። የድልድዩንም መጽሐፍ መለስኩ። ያነበብኩት ቁጥር ሁሉ በሌላ ሰው ይታይ አልኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የእኔ መስመር እርስ በርሱ እየተደራረበ አስቸግሯል።

ዳኛው እንደገና የተነበበውን ምዕራፍ ሰምተው «ይለፍ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ስንለያይ ግን እጄን ይዘው ቆዩ፤ ዓርብ ዓርብ በጣት የሚነበበውን ብሬይል ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተዋል። ጣቶቼ እንደ እንጨት ናቸው ስላቸው ሳቁብኝ።

ዛሬ የስቱዲዮውን ቁልፍ አስረከብኩ። መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ልጅ አዲስ ናት፤ አላወቀችኝም። ቅጽ አውጥታ «በምን ልመዝግብዎት፣ በአንባቢ ወይስ በአድማጭ?» አለችኝ። በአድማጭ አልኳት። የመጀመሪያ መጽሐፍዎን ይምረጡ ስትለኝ እኔ ያላነበብኩትን ስጪኝ አልኳት። መደርደሪያው ላይ ካሉት ብዙዎቹ በእኔ ድምፅ ስለሆኑ ፍለጋው ጊዜ ወሰደ።

ሁሉም በሥርዓቱ ሄዷል። አሥራ አንድ ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። እኔ አልከፋኝም። እንዳልኩት ጻፊው፤ አልከፋኝም።

እስከዚህ የእሱ ነው። ከዚህ በታች ያለውን እሱ አላለም፤ እኔ ነኝ የምጽፈው። አልከፋኝም ሲል ፊቱ እርጥብ ነበር። ያላየሁ መስሎታል። እንዲህ ያለውን መቼም አይጽፈውም ነበር፤ ደብተሩን አገላብጬ አየሁት፣ የትም ቦታ አላለቀሰም።

የብዕሩን ድምፅ እየሰማ ነው። «እኔ ጨርሻለሁ፤ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ያልከውን ነው አልኩት። «እስቲ አንብቢልኝ» አለ። ከላይ ጀምሬ ቀስ ብዬ፣ ነጠላ ሰረዙን ሁሉ እየጠበቅኩ አነበብኩለት። «አልከፋኝም» የሚለው ላይ ስደርስ «በቃ፣ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው» አለኝ።

እኔም ማንበቤን እዚያ ላይ አቆምኩ።